ውርስ ከመባሉ በፊት የማን ነበር?

በጋምቤላ ከተማ ድንኳኑ ተነቅሎ የእድሩ ወንበር ሲሰበሰብ፣ ከሩቅ የመጡት ዘመዶችም ሲሸኙ፣ ለቅሶ ላይ ማንም ያላነሳው ጉዳይ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። «ሚስት ባሏን ትወርሳለች ወይስ አትወርስም?» ጥያቄው በኑዌርኛም በአኝዋክኛም ይጠየቃል፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነውና በአማርኛ ይጻፋል። ለአካለ መጠን የደረሱት ልጆች «ሕጉ ልጅን እንጂ ሚስትን ወራሽ አላደረገም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሚስትየው ደግሞ «ጭቃውን አብሬ ያቦካሁት፣ ቆርቆሮውን አብሬ የገዛሁት ቤት የእኔም ነው» ትላለች። እሷም ልክ ናት። ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ችሎት ፊት የሚፋጠጠው መነሻ ጥያቄው የተሳሳተ ስለሆነ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ይወርሳል?» ሳይሆን «ከዚህ ሁሉ ሀብት ውስጥ ውርሱ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ ሲስተካከል አብዛኛው ጠብ ይበርዳል። ቀሪው ግን አይበርድም፤ ምክንያቱም ትክክለኛው መልስ ከተሰጠ በኋላም ሕጋችን ባሏ የሞተባትን ሚስት፣ ወይም ሚስቱ የሞተችበትን ባል፣ ያለ ጣራ ሊያስቀር ይችላል። ይህ ጉድለት በሕግ አውጪው መታረም አለበት። ጋምቤላ ደግሞ ጉድለቱ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት አገር ነው።

ሁለት ሒሳብ፣ አንድ ቤት

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ማን እንደሚወርስ በግልጽ ደንግጓል። በአንቀጽ 842 መሠረት የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ እኩል ይካፈላሉ። ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ይገባሉ። ልጆች ከሌሉ ወላጆች፣ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዘመዶች እያለ ይሄዳል፤ ማንም ካልተገኘ ሀብቱ ለመንግሥት ይሆናል። በዚህ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ባልና ሚስት የሉም። ሕጉ ልጅ በጋብቻ ውስጥ ተወለደ ወይስ ከጋብቻ ውጭ፣ ሴት ነው ወይስ ወንድ፣ ብሎም አይጠይቅም። ይህን ድንጋጌ በጆሯቸው የሰሙ ልጆች «እንግዲያው ቤቱ የእኛ ነው» ብለው ቢነሱ አይገርምም።

ስህተቱ የሚጀምረው «ቤቱ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ወራሽ የሚወርሰው የሟችን ሀብት ነው፤ በጋብቻ ዘመን የተፈራው ሀብት ደግሞ የሟች ብቻ አይደለም። የጥንቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት፣ የአንዱ የግል መሆኑ በማስረጃ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ የጋራ ነው ብለው ይነሳሉ። ካርታው በባል ስም መሆኑ ብቻውን ይህን ግምት አያፈርሰውም። ደመወዙን ያመጣው እሱ፣ ቤት ያስተዳደረችው እሷ መሆኗም ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ሞት ሲመጣ በተከታታይ የሚሠሩ ሁለት ሒሳቦች አሉ። መጀመሪያ ጋብቻው ይጣራል፤ የጋራው ሀብት ለሁለት ይከፈልና ግማሹ በሕይወት ላለው ተጋቢ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ የሟች ግማሽና የግል ሀብቱ ከነዕዳው ውርስ ተብሎ ለልጆች ይቀርባል።

በምሳሌ እንየው። ባልና ሚስት በጋብቻቸው ውስጥ ያፈሩት ቤትና ንብረት ከዕዳ ነጻ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ ልጆች አምስት ናቸው። 2 ሚሊዮኑ የሚስት ነው። ይህ ከባሏ የወረሰችው ስላልሆነ ምሕረትም ስጦታም አይደለም፤ ባሏ በሕይወት እያለም የእሷ ነበር። የቀረው 2 ሚሊዮን ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 400 ሺህ ይደርሳል። «ሚስት አትወርስም» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው በዚህ በሁለተኛው ሒሳብ ላይ ብቻ ነው። ወደ መጀመሪያው ሒሳብ ከተሻገረ የሌላ ሰው ንብረት መውሰድ ነው።

በተግባር ይህ ቅደም ተከተል የሚገለበጠው የወራሽነት ማስረጃ ላይ ነው። ልጆች ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ያወጡና ወረቀቱን እንደ ካርታ ይዘው ይመጣሉ። ማስረጃው የሚናገረው ግን ያዢው የሟች ወራሽ መሆኑን ብቻ ነው፤ የትኛው ግድግዳ የማን እንደሆነ አይናገርም። ሌላም ብዙ ሰው ከውርስ ጋር የሚቀላቅለው ገንዘብ አለ፤ የጡረታ አበል ነው። ሕጉ በሞት ምክንያት ለሟች ዘመዶች ወይም ለተጋቢው የሚከፈል ጡረታ የውርስ ክፍል አለመሆኑን በአንቀጽ 828 ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሞት ተጋቢው የሟችን አበል 50 በመቶ የሚያገኘው በራሱ መብት ነው፤ ሠርቶ አዳሪ የሆነ የሠላሳ ዓመት ልጅ ከዚህ የሚጠይቀው ድርሻ የለውም። የመንግሥት ደመወዝ ዋነኛ መተዳደሪያ በሆነበት በጋምቤላ ከተማ ይህን ማወቅ የስንቱን ቤት ጭቅጭቅ ባስቀረ ነበር።

የሟች እናት ድርሻ

እስካሁን የተናገርኩት ለሚስት ያደላ ይመስላል። አይደለም። ይኸው «ውርሱ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ለልጆቹም ይሠራል፤ አንዳንዴም በእንጀራ እናታቸው ላይ ይፈርዳል። የልጆቹን ክርክር በሙሉ «ስግብግብነት» እያልን የምናልፍ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እንዲህ ነው። አባትና እናት አብረው ቤት ሠሩ፤ አራት ልጆች ወለዱ። እናት ሞተች። ያኔ ማንም ስለ ውርስ አላነሳም፤ «አባታችሁ በቁሙ እያለ ምን ውርስ ታወራላችሁ» ማለት በባህላችን የተለመደ ነው፤ ልጆቹም አባታቸውን አክብረው ዝም አሉ። አባት ሌላ አገባ፤ ሁለት ልጆች ተወለዱ። አሁን አባት ሲሞት ሁለተኛዋ ሚስት «የቤቱ ግማሽ የእኔ ነው» ትላለች። የመጀመሪያዋ ሚስት ልጆች በንዴት የሚነሱት እናታቸው ያቦካችው ጭቃ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ስላዩ ነው። እንጀራ እናት ላይ የሚወርደው ቁጣ ብዙ ጊዜ ሳይካፈል የቀረ የእናት ውርስ ነው።

ሕጉ ለእነዚህ ልጆች ምን ይላል? እናት ስትሞት ጋብቻው ተጣርቶ ግማሹ የእሷ ይሆናል፤ ባልም ሚስቱን አይወርስምና ያ ግማሽ በቀጥታ ለአራቱ ልጆቿ ያልፋል፤ ለእያንዳንዳቸው የቤቱ አንድ ስምንተኛ። በአባት እጅ የሚቀረው ግማሽ ደግሞ ከሁለተኛው ጋብቻ በፊት የተገኘ ስለሆነ የግል ሀብቱ ነው። እሱ ሲሞት ይህ ግማሽ ለስድስቱም ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አሥራ ሁለተኛ። ሁለተኛዋ ሚስት ከዋናው ቤት ምንም የላትም። ድርሻዋ በእሷ ዘመን የተፈራው ሀብት ግማሽ ነው፤ ከጓሮ የተሠራው ሰርቪስ፣ የተገዛው ባጃጅ፣ በባንክ የተቀመጠው፣ በጋብቻው ዘመን የተገኘው ኪራይ። ይህን ለመለየት ደግሞ ቀን ያስፈልጋል፤ ካርታው የወጣበት፣ የግንባታ ፈቃዱ የተሰጠበት፣ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀን። የግል ነው የሚል ወገን ማስረዳት ያለበት እሱ ነውና፣ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው እውነቱን ይዞ ሊሸነፍ ይችላል።

ይህ በጋምቤላ የተለየ ክብደት አለው። ከተማዋ የብዙ ጉዞዎች መገናኛ ናት። ከባሮ ወንዝ የንግድ ጣቢያነት ዘመን ጀምሮ፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም ሠፈራና በመንግሥት ሥራ ምደባ፣ በአካባቢው አጠራር «ደገኛ» የሚባለው ሕዝብ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከከፋና ከሌላም ቦታ መጥቶ ከአኝዋክ፣ ከኑዌር፣ ከመዠንግር፣ ከኦፖና ከኮሞ ጋር ጎጆ ቀልሷል። የአንዱ አባት ልጆች ከፊሎቹ ደጋ፣ ከፊሎቹ ጋምቤላ ሊሆኑ ይችላሉ። አስከሬኑን ለመቅበር የሚመጡት ልጆች ቤቱ በማን ዘመን እንደተሠራ አላዩም፤ በቤቱ የኖረችው ሴትም ደጋ ስለቀረው የአባትየው ሀብት አታውቅም። እያንዳንዱ ወገን ያየውን ግማሽ ሙሉ እውነት ያደርገዋል።

ግዴታው መንደር ሲቀር

በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ 307 ሺህ ገደማ ነዋሪ 47 በመቶ የሚጠጋው ኑዌር፣ 21 በመቶ ያህሉ አኝዋክ ነበር። ስለ ጋምቤላ ውርስ ሲጻፍ የእነዚህን ሕዝቦች ሥርዓት «ጎጂ ባህል» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ይቀናል። እኔ ከዚህ አልስማማም። በኑዌር ባህል ጋብቻ በከብት ጥሎሽ የሁለት ዘመዳሞች ትስስር ነው፤ የሙሽራው ወገን ከብቱን በጋራ ያዋጣል፤ የሙሽሪት ወገንም በየዝምድናው ይካፈለዋል። ባል ሲሞት ትስስሩ አይቋረጥም። ሚስት የሟች ሚስት እንደሆነች ትቀጥላለች፤ ከሟች ወንድም ወይም ከቅርብ ዘመዱ ጋር ብትኖር የምትወልዳቸው ልጆች እንኳ በሟች ስም ይጠራሉ። በአኝዋክ ዘንድም ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ የዶቃ ጥሎሽ ጋብቻን የዘመዶች ሁሉ ጉዳይ አድርጎት ኖሯል።

የዚህ ሥርዓት ተሟጋቾች የሚሉት ጠንካራ ነገር አለ። «በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ሜዳ ላይ አትወድቅም፤ የሚያርስላት፣ ላም የሚሰጣት፣ ልጆቿን የእኔ የሚል ሰው አለ። ፍርድ ቤታችሁ ግማሽ ሰጥቷት ብቻዋን ይተዋታል።» ይህ ክርክር በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ሥርዓቱ ንብረቱን ለወንድ ዘመዶች ሲሰጥ ሴቲቱንና ልጆቿን የማኖር ሸክም አብሮ ያሸክማቸው ነበር። መብትና ግዴታ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ።

የዛሬው ችግር ገመዱ መበጠሱ ነው። በከብት በረት የነበረው ሀብት ኒውላንድ ሠፈር የሚገኝ ባለ ካርታ ቤት ሆኗል፤ ቤቱ ደግሞ እንደ ከብት አይረባም፣ አይከፋፈልም፤ ወይ ትኖርበታለህ ወይ ትሸጠዋለህ። የሟች ወንድም ወይም ትልቁ ልጅ ከሌላ ወረዳ መጥቶ በባህል ስም ቤቱን ሲጠይቅ ሴቲቱን የማብላት ግዴታውን ይዞ አይመጣም። ግዴታው መንደር ቀርቶ መብቱ ብቻ ከተማ ገብቷል። ግዴታውን የጣለ ሰው በባህል ስም መብት ሲጠይቅ ባህሉን ያከበረ አይመስለኝም፤ ከባህሉ የተመቸውን ብቻ መርጧል።

ሌላው ችግር ፈቃድ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በሩን ክፍት አድርጓል፤ ነገር ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም በአንድ የውርስ ክርክር፣ ያለ ተከራካሪዋ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠው ዳኝነት ሕገ መንግሥቱን እንደሚቃረን መወሰኑ ለጋምቤላም ትምህርት ነው። የአገር ሽማግሌ ያስታርቅ፤ እኔም ከችሎት በፊት ሽምግልና ቢቀድም እመርጣለሁ። ሴቲቱ ግን ከዛፉ ሥር የምትቀመጠው የራሷን ግማሽ አውቃ፣ «አልስማማም» ብላ መነሳት እየቻለች መሆን አለበት። ድርሻዋን ሳታውቅ የተሰጠ እሺታ ፈቃድ ሊባል አይችልም።

ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት ሒሳቡ ይበልጥ ይወሳሰባል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 650 ከአንድ በላይ ጋብቻን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 651 ግን በሕግ ለታወቁ የሃይማኖትና የልማድ ሥርዓቶች ቀዳዳ ትቷል። ጋብቻው ይፍረስ ይጽና ሌላ ክርክር ነው፤ ከሁሉም ሚስቶች የተወለዱት ልጆች ግን እኩል ወራሾች ናቸው። ሚስቶቹን በተመለከተም መነሻዬ አይለወጥም፤ እያንዳንዷ ከሟች ጋር በላቧ ያፈራችው ውርስ ተብሎ ከመቆጠሩ በፊት ተለይቶ ይውጣ።

ሕጉ ራሱ የጎደለው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከላይ ያየናትን ሁለተኛ ሚስት እናስታውስ። አሥራ አምስት ዓመት በዚያ ቤት ኖራለች፤ ባሏን በሕመሙ አስታማለች። ቤቱ የቀድሞ ጋብቻ ነበርና ከግድግዳው አንድ ክንድ የላትም። የእንጀራ ልጆቿ ልቀቂ ቢሏት የውርስ ሕጉ ከእነሱ ጋር ይቆማል። ግማሽ ያላትም ሴት ብትሆን፣ ልጆቹ ድርሻችንን በገንዘብ እንፈልጋለን ካሉና እሷ መክፈል ካልቻለች ቤቱ ተሸጦ በስልሳ ዓመቷ ኪራይ ቤት ፈላጊ ልትሆን ትችላለች።

ሕጉ ጨርሶ አልረሳትም። በችግር ላይ ያለ ተጋቢ ከውርሱ ቀለብ መጠየቅ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል፤ በቤተሰብ ሕጉም የቀለብ ግዴታ በቀጥታ የጋብቻ ዝምድና ባላቸው ሰዎች መካከል፣ ማለትም በእንጀራ ልጅና በእንጀራ እናት መካከልም አለ። ነገር ግን ቀለብ ችግርን አስረድተው የሚለምኑት ነገር ነው፤ ጣራ ሌላ ነው። ያለ ጠበቃ፣ በአስተርጓሚ ችሎት የምትቆም ሴት ይህ መብት መኖሩን እንኳ ሳታውቅ ልትወጣ ትችላለች።

ለውጥ ስንጠይቅ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። የመጀመሪያው «ሀብት በደም ይሂድ፤ ሚስት ድርሻ ካገኘች ነገ ሌላ አግብታ የአባታችንን ቤት ለባዕድ ታሳልፋለች» የሚል ነው። ሁለተኛው «ወጣት ሴት ሽማግሌ የምታገባው ለቤቱ ይሆናል» የሚል ነው። ሁለቱም ስጋቶች ባዶ አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚቃወሙት የባለቤትነት ድርሻን ነው። እኔ የምለው የመኖር መብት ይሰጥ ነው። በሕይወት ያለው ተጋቢ በጋራ ይኖሩበት በነበረው ቤት እስከ ዕለተ ሞቱ ይኑርበት፤ አይሽጠው፣ አያውርሰው፤ ሲሞት ለሟች ልጆች ይመለስ። ለጥቂት ወራት ጋብቻ እንዳይሆን በጋብቻው ዕድሜ ላይ ገደብ ይደረግ። ከሌላ እናት የተወለዱ ሕፃናት መጠለያ ካጡ ዳኛው ሚዛን ይያዝ። ልጆች መጠበቃቸው ዋጋ እንዳለው አልክድም። የጎለመሰ ሰው ድርሻው መዘግየቱንና አሮጊት ሴት ከቤቷ መውጣቷን በሚዛን ሳስቀምጥ ግን ሁለተኛው ይከብድብኛል።

ይህ እንግዳ ሐሳብም አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ለሚስት ውርስ የሚሰስተው አስተሳሰብ በእሳቸውም አገር የቆየ ነበር። ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ሕጓን አሻሽላ በሕይወት ለቀረው ተጋቢ በውርሱ ላይ ድርሻ፣ በቤቱም የመኖር መብት ሰጠች። ጎረቤታችን ኬንያም የውርስ ሕጓ ልጆች ባሉበት ጭምር ለተጋቢው በሕይወት ዘመኑ በንብረቱ የመጠቀም መብት ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም ያጸደቀችው፣ የአፍሪካ ሴቶችን መብት የሚመለከተው የማፑቶ ፕሮቶኮልም፣ በአንዳንድ አንቀጾቹ ላይ ተዓቅቦ ብታደርግበትም፣ ባሏ የሞተባት ሴት ፍትሐዊ የውርስ ድርሻ እንዲኖራትና በትዳር ቤቷ እንድትቀጥል የሚል መንፈስ ያለው ሰነድ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረው የውርስ ምዕራፋችን ዳግም የሚታይበት ጊዜ አሁን ነው።

ሕጉ እስኪታረም

ሕግ እስኪሻሻል ሞት አይጠብቅም። ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያ ኑዛዜ ነው፤ እሱንም ብዙዎች ያበላሹታል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙ ኑዛዜው ዋጋ የለውም፤ ሕጉ ለየብቻ ይጻፍ ይላል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ አንዱ ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሰው ራሱ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። በሕመም አልጋ ላይ በቃል የሚነገረው ኑዛዜ ደግሞ ቤት የሚያሻግር ጉልበት የለውም። በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ሆኖ አንድ ሰው ልጆቹን ሳይነቅል «ሚስቴ በሕይወት እስካለች በቤቱ ትኑር» ብሎ መጻፍ ይችላል። ጋብቻን በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ፣ ካርታን በሁለቱም ስም ማድረግ፣ ሁለተኛ ከማግባት በፊት የመጀመሪያዋን ሚስት ውርስ ለልጆቿ ማካፈልም እንዲሁ በሕይወት ያለ ሰው ሥራዎች ናቸው።

ልጆች ሆይ፣ የአባታችሁን ድርሻ መጠየቃችሁ ነውር አይደለም፤ ሕጉ የሰጣችሁ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን ይዛችሁ በር ከማንኳኳታችሁ በፊት የእናታችሁን፣ ወይም የእንጀራ እናታችሁን፣ ግማሽ ለዩላት። በሁለተኛ ጋብቻ ለገባች ሴትም የምለው ይኸው ነው፤ ከአንቺ በፊት የነበረችውን ሴት ድርሻ ለልጆቿ ለዪ። የሁለቱም ድርሻ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው ውርሱ፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ከተጣላበት ያንሳል።